ሕመሙ አለ፤ ጉዳቱስ የት ነው?

ከጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት የጥቅምት ማለዳ የፉሪ ተራራ በእጅ የሚነካ ያህል ቀርቦ ይታያል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሦስት ባልንጀሮች የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች ነን፤ አንዳችን በጀሞ፣ ሌላችን በመካኒሳ፣ ሦስተኛችን በሳሪስ እንኖራለን። ከዩኒቨርሲቲ ተማሪነታችን አንሥቶ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል እሑድ እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ለቡ ተገናኝተን፣ ሜዳውን በሩጫ ዳገቱን በርምጃ እያልን ፉሪን መውጣት ልማዳችን ነበር። በኪሳችን የያዝነውን ቆሎ ቆርጥመን፣ ከላይ ሆነን የየሠፈራችንን ጣራ ለመለየት ተከራክረን፣ ፀሐይ ሳትበረታ እንመለስ ነበር። ሽልማት አላገኘንበትም፤ ሰዓትም አላስመዘገብንበትም። ሆኖም ከሳምንቱ ሰባት ቀናት ውስጥ የራሳችን ብለን የምንጠራው ቀን እርሱ ብቻ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

አሁን ፉሪን የምናየው ከበረንዳው ላይ ነው። ከመካከላችን አንዱን ወገቡን ያመዋል፤ ሁለተኛውን የተረከዙ ጅማት ያሠቃየዋል፤ ሦስተኛዋን ጉልበቷ ይጠዘጥዛታል። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ተራ በተራ ከመንገዱ ቀረን። ውኃ በጠፋበት ቀን ሃያ ሊትር ጀሪካን አንጠልጥሎ አራት ፎቅ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ፣ በሚኒባስ ታክሲ የኋላ ወንበር ጉልበትን አጥፎ ከጀሞ ሜክሲኮ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆሞ ማስቀደስ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ለእነዚህ ሁሉ ግን እንደምንም መላ ይገኝላቸዋል። ጀሪካኑን የጎረቤት ልጅ ያወጣዋል፤ ለቅዳሴውም መቋሚያ አለ። መላ ያጣንለት ለእሑዱ ነው። ዘመድ አዝማድ «ተራራ መውጣት ቢቀርብህ ምን ትሆናለህ?» ሲለን መልስ ያጥረናል፤ በእርግጥም እንጀራችን አይደለም። የሚወዱትን ነገር ማጣት ግን እንጀራ ስላልሆነ ብቻ የሚቀል አይደለም።

ይህን የምንጽፈው አዛኝ ፈልገን አይደለም። ሦስታችንም በተለያየ ጊዜ ራጅ ተነሥተን፣ ሁለታችን ደግሞ ብዙ ገንዘብ ከፍለን የኤምአርአይ ምርመራ አድርገን፣ ሦስታችንም «ምንም የለም» ተብለን ተመልሰናል። ሕመሙ ግን ከእኛው ጋር ተመለሰ። ሳይንስ የተማርን ሰዎች ሆነን ሳለ ይህን እንዴት መረዳት እንዳለብን አለማወቃችን አሳፈረን። ያወቅነውን ዘግይተን ነው ያወቅነው። እናንተ ተማሪዎች ሳትዘገዩ ብታውቁት መልካም ነው የሚል እምነት አለን።

ነገሩን የሚያወሳስበው ገና ከቃሉ ይጀምራል። በአማርኛ «ሕመም» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን በአንድነት ተሸክሟል። በአንድ በኩል በሽታ ማለት ነው፤ «የልብ ሕመምተኛ» እንላለን። በሌላ በኩል የሚሰማን ሥቃይ ነው፤ «ጥርሴን አመመኝ» እንላለን። ስለዚህ ሐኪሙ የራጁን ፊልም ወደ ብርሃን አንሥቶ «በሽታ የለብህም» ሲል፣ ቤተሰብም አለቃም «አላመመህም» እንዳለ አድርገው ይወስዱታል። ይባስ ብሎ ታማሚው ራሱ ቀስ በቀስ እንዲያ ማሰብ ይጀምራል። እኛም ጀምረን ነበር። ይሁን እንጂ በሽታ አለመገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ ሕመም አለመኖሩ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

በሌላ ረገድ ደግሞ ቋንቋችን ለሕመም ንፉግ አይደለም። ወጋኝ፣ ቆረጠኝ፣ ፈለጠኝ፣ ጠዘጠዘኝ፣ ለበለበኝ፣ ቆረጠመኝ ስንል እያንዳንዱ የየራሱ ጠባይ አለው። በሁሉም ውስጥ አድራጊው ሕመሙ ነው፤ እኛ ተደራጊዎች ነን። ካናዳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሮናልድ ሜልዛክ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው የማክጊል የሕመም መጠይቅ ሕመምን የሚገልጹ 78 የእንግሊዝኛ ቃላትን በ20 ምድብ ከፋፍሎ ለሐኪሞች አቅርቧል። የእኛንም ቃላት እንዲህ ሰብስቦ በወጉ መመደብ ለቋንቋና ለሕክምና ተማሪዎች ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ይወጣዋል። ይህን በመንገዳችን ላይ ጣል አድርገን እንለፍ።

ለመሆኑ ሕመም ምንድን ነው? በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ስንማር መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣሉት ሥዕል ትዝ ይለናል። እጅ የጋለ ነገር ይነካል፤ መልእክቱ በስሜት ነርቭ ወደ ሕብለ ሰረሰር ይሄዳል፤ በእንቅስቃሴ ነርቭ በኩል ትእዛዝ ተመልሶ እጁን ያሸሻል። ሥዕሉ ስሕተት የለበትም። ችግሩ ትምህርታችን እዚያ ላይ ማብቃቱ ነው። በዚህ ሥዕል ብቻ የተማረ ሰው ሕመም ማለት ከጉዳቱ ቦታ እስከ ጭንቅላት የተዘረጋ ገመድ ነው ብሎ ያድጋል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሰበው ይህንኑ ነበር፤ ገመዱ በአንድ ጫፍ ሲሳብ በሌላው ጫፍ ደወሉ እንደሚደወል ሁሉ፣ እግር እሳት ሲነካ አንጎል ውስጥ ሕመም ይሰማል አለ። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት ደወሉ ከተሰማ ገመዱን የሳበ አንድ ነገር መኖር አለበት። ሳቢው ካልተገኘ ደግሞ ሰውዬው ዋሽቷል ማለት ነው።

የደወሉ ምሳሌ በከፊል እውነት አለው። እንቅፋት የእግር ጣታችንን ሲመታን መጀመሪያ ስል የሆነ ሕመም ይሰማናል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የሚጠዘጥዝ፣ የማይለቅ ሌላ ሕመም ይከተላል። የመጀመሪያውን የሚያመጡት ኤ-ዴልታ የሚባሉ ነርቮች በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ያስኬዱታል። ሁለተኛውን የሚያመጡት ሲ የተባሉት ቀጫጭን ነርቮች ግን በሰከንድ ከ2 ሜትር አይበልጡም። እስከዚህ ድረስ ገመድ ነው ብንል አንሳሳትም። ሆኖም ገመዶቹ ሕብለ ሰረሰር ሲደርሱ ነገሩ ይለወጣል። ሜልዛክና እንግሊዛዊው ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረቡት የበር ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ መልእክቱን የሚያሳልፍ ወይም የሚያግድ በር መሰል ሥርዓት አለ። ከቆዳ የሚመጣ የመዳሰስ ስሜት በሩን ገርበብ ያደርገዋል፤ ከአንጎል ወደ ታች የሚወርድ ትእዛዝም ይከፍተዋል ወይም ይዘጋዋል። እናት የወደቀ ልጇን ጉልበት አሸት አሸት እያደረገች እፍ ስትልለት ልጁ ዝም የሚለው ተታሎ ብቻ አይደለም። ንድፈ ሐሳቡ በዝርዝሩ ብዙ ታርሟል፤ ዋናው አሳቡ ግን ጸንቶ ቆይቷል።

ከዚህ ይልቅ ለእኛ ዐይናችንን የገለጠልን የራሳችን ማእድ ነው። ሚጥሚጣ በምላሱ የነካ ሰው «አቃጠለኝ» ይላል። ቴርሞሜትር ቢደረግበት ግን ምላሱ ከቀድሞው አልጋለም፤ አልተላጠም፤ አልቆሰለም። ታዲያ ምን አቃጠለው? አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 መልሱን አገኙ። በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር፣ ቲአርፒቪ1 የሚባለውንና በተለምዶ ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት የሚከፈተውን የነርቭ በር ያለ ምንም ሙቀት ይከፍተዋል። ጁሊየስ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተካፍሏል። እንግዲህ በየዕለቱ በምንበላው ወጥ ውስጥ አንድ ታላቅ ማስረጃ ሲቀርብልን ኖሯል ማለት ነው፤ ማቃጠሉ እውነት ነው፤ ቃጠሎ ግን የለም። «አላቃጠለህም፤ ውሸትህን ነው» ብሎ በሚጥሚጣ ተለብልቦ ውኃ የሚለምነውን ሰው የሚከራከር ማን አለ?

የዚህ የመጨረሻው ጫፍ እግሩ ከተቆረጠ በኋላ በሌለው እግሩ ጣቶች ላይ የማቃጠል ስሜት የሚሰማው ሰው ነው። ከጦር ሜዳ በተመለሱ አባቶቻችን መካከል ይህን የሚናገሩ ያጋጠሟችሁ ትኖራላችሁ። መልእክቱን የሚልክ እግር የለም፤ ሕመሙ ግን አለ። የሠፈራችን መጠሪያ «ንፋስ ስልክ» ያለ ሽቦ የሚመጣን መልእክት የሚያስታውስ ስም ነውና፣ እኛ እርስ በርሳችን በቀልድ «የእኔ ንፋስ ስልክ ዛሬም እየጮኸ ነው» እንባባላለን።

ታዲያ ጉዳቱ ከዳነ በኋላ ሕመሙ እንዴት ይቀራል? በኮንዶሚኒየም ግቢ አንድ ሌሊት ሌባ ገባ እንበል። ከዚያ ሌሊት በፊት ዘበኛው የሚያውቀውን ሰው ሰላም ብሎ ያሳልፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ድመት በአጥር ስትዘል ፊሽካ ይነፋል፤ አምሽቶ የሚገባውን ነዋሪ በዱላ ያስቆማል። ሌባው ከተያዘ ወራት ቢያልፉም ዘበኛው አልተረጋጋም። ክሊፎርድ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1983 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ በአይጦች ላይ ባደረገው ምርምር ያሳየው ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነው። ከጉዳት በኋላ የሕብለ ሰረሰር የነርቭ ሕዋሳት ራሳቸው ይነቃቃሉ፤ ቀድሞ ምንም የማያስከትል ቀላል ንኪት ሕመም መቀስቀስ ይጀምራል። ይህ የመጋነን ወይም የመንፈስ ድካም ጉዳይ አይደለም፤ በሕዋሳት ላይ የሚለካ ለውጥ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና ፍርሃት ዘበኛውን ያበሳጩታል። ዕረፍት ያለው እንቅልፍ፣ የተመጠነ እንቅስቃሴና ዕውቀት ደግሞ ያረጋጉታል።

ፎቶግራፉም ቢሆን ሁልጊዜ እውነቱን አይነግርም። እ.ኤ.አ. በ2015 ተሰባስበው የታተሙ የ33 ጥናቶች ውጤቶች ምንም የጀርባ ሕመም የሌለባቸውን 3,110 ሰዎች የአከርካሪ ምስል ተመልክተዋል። ከ20 ዓመት ወጣቶች መካከል እንኳ 37 በመቶው የዲስክ ማርጀት ታይቶባቸዋል፤ ከ80 ዓመት አዛውንት መካከል ደግሞ 96 በመቶው። እነዚህ ሁሉ ጤነኞች ናቸው፤ ፉሪንም ቢወጡ የሚከለክላቸው የለም። እንግዲህ በምስሉ ላይ የታየ እንከን ሁሉ የሕመሙ መንሥኤ አይደለም። በተመሳሳይ ሁኔታ ንጹሕ ምስል የሰውን ሕመም ሐሰት አያደርገውም።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት ማስገንዘብ ግዴታችን ነው። «ሕመም ጉዳት አይደለም» ማለታችን ሐኪም ቤት አትሂዱ ማለታችን አይደለም። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ ዛሬም ያለ በሽታ ነው፤ ካልተፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴላም ወገብንና መገጣጠሚያን ያሳምማል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የእግር መስነፍ፣ በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል ከታዩ ቀን ሳይቆጥሩ መመርመር ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሊገኝ የሚችለው ይፈለግ። የእኛ ክርክር ተፈልጎ ካልተገኘ በኋላ ስላለው ሰው ነው።

እኛ ያንን ጊዜ በደንብ አልተጠቀምንበትም። ወገቡን የሚያመው ባልንጀራችን አንድ ክሊኒክ ውስጥ ለሁለት ወር እንዲተኛና የወገብ ቀበቶ እንዲያስር ታዘዘ። ታዞም ተኛ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሲነሣ ወገቡ እንደ ነበረ ነው፤ እግሮቹ ግን ቀጥነው ነበር። ሌላችን በየሳምንቱ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ እየገዛ እየዋጠ ከሕመሙ ላይ የጨጓራ በሽታ ጨመረበት። ሦስተኛዋ ወጌሻ ጋ ሄደች። ስለ ወጌሻዋ ክፉ አንናገርም፤ ቅቤ ቀብተው፣ አሽተው፣ «አይዞሽ ልጄ» ብለው ነው የሸኟት፤ ለሁለት ቀንም ቀለላት። የበሩን ንድፈ ሐሳብ ላስታወሰ ሰው ይህ እንቆቅልሽ አይሆንበትም። እንዲያውም ከሐኪሞቹ ሁሉ ቁጭ ብለው አሟልተው የሰሟት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ነገር ግን ስብራትን አጥብቆ በማሰር የደም ዝውውር ተቋርጦ እጅና እግራቸውን ያጡ ሰዎች ስላሉ፣ ማሸትና ማሰር አንድ እንዳልሆኑ ሳንጠቅስ አናልፍም።

ስለ መተኛት ያለው ማስረጃ ቀደም ሲል የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች በሆኑ 186 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ድንገተኛ የወገብ ሕመም ይዟቸው በአልጋ ላይ እንዲቆዩ ከተነገራቸው ይልቅ የዘወትር ሥራቸውን አቅማቸው በፈቀደ መጠን የቀጠሉት ፈጥነው አገግመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባወጣው የመጀመሪያው የሥር ሰደድ የወገብ ሕመም መመሪያ የእንቅስቃሴ መርሐ ግብርን፣ ትምህርትንና ሥነ ልቡናዊ እገዛን ሲደግፍ፣ የወገብ ቀበቶንና ኦፒዮይድ የተባሉትን ማደንዘዣዎች በዘወትር ሕክምና እንዳይሰጡ መክሯል። በዚሁ ድርጅት 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ፣ ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ሌላ በሽታ ባይገኝበትም በራሱ የጤና እክል ሆኖ ተመዝግቧል። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ለእኛ ትልቅ ነበረች። «ምንም የለም» ለተባለ ሰው ስም ማግኘት ራሱ ዕረፍት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የጎዳን የማኅበረሰባችን አንድ ልማድ ነው፤ ጀግኖቻችንን አሳስተን እናነባለን። ስለ አበበ ቢቂላ ለልጆች የሚዘወተረው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ማሸነፉ ነው። ስለ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲነሣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ የተረከዙ ጅማት እያመመው ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ መቅደሙ ይወሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ያኮሩናል። ሆኖም ተማሪው ከእነዚህ የሚወስደው ትምህርት «ሕመምን የናቀ ያሸንፋል» የሚል ብቻ ከሆነ፣ ያላሸነፈው ሁሉ ያልቻለ፣ ያልጨከነ ሰው ሆኖ ይቀራል። ኃይሌ ከሲድኒ በኋላ በዚያው ጅማት ምክንያት በቀዶ ሕክምና መታከሙን የሚተርክልን ጥቂት ሰው ነው።

እኛ ከአበበ ሕይወት የምንመርጠው ሌላውን ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ፣ ለሦስተኛ ተከታታይ የማራቶን ወርቅ ዓለም ዐይኑን በእርሱ ላይ ጥሎ ሳለ፣ በእግሩ አጥንት ላይ በነበረበት ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። አበበ የሮጠበትም ያቆመበትም እግር አንድ ነው፤ በዚያን ቀን ማቆሙን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር ካለ ስለ አጥንት ስብራት አያውቅም ማለት ነው። በተከታዩ ዓመት በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታክሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያው ስም በሚጠራው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተካፈለ። በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ የሮጠ ሰው በረዶ ላይ ተቀምጦ ሲወዳደር አስቡት! የእርሱን ጉዳት ከእኛ ሕመም ጋር ማወዳደር አይገባም፤ የእርሱ ለሁሉም የሚታይ፣ የከበደም ነበር። እኛን የሚመለከተን የሚወደውን ያጣ ሰው በማግሥቱ ምን አደረገ የሚለው ነው።

ኃይሌም ቢሆን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 ኒውዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት ማራቶኑን ሲያቋርጥ ወዲያው ሩጫ አቆምኩ ብሎ ነበር፤ ብዙም ቀን ሳይቆይ ግን ቃሉን አነሣ። ሕመም በበረታበት ሰዓት ሁሉም ነገር ያከተመ መምሰሉ በዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ላይም እንደሚደርስ ስናስብ እንጽናናለን። ቀነኒሳ በቀለ በባቱ ጉዳት ምክንያት ከ2010 መጀመሪያ አንሥቶ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከውድድር ርቆ፣ በነሐሴ 2011 (እ.ኤ.አ.) በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትሩን አቋርጦ ወጣ። ያኔ በየቡና ቤቱ «አበቃለት» ያላለ አልነበረም፤ ከመካከላችንም አንዱ ብሎ ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ብራስልስ ላይ በ26 ደቂቃ ከ43.16 ሰከንድ የዓመቱን ፈጣን ሰዓት ሮጠ። ከስምንት ዓመት በኋላም በ2019 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ጨረሰ፤ ከጊዜው ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እነዚህን ሰዓቶች ነው። እኛን የሚያስቀናን ግን ማንም ያልጻፈው በመካከል ያለው ጊዜ ነው። ተመልካች በሌለበት፣ ትንሽ ሮጦ ትንሽ አርፎ፣ ነገ ምን እንደሚሆን ሳያውቅ ስንት ማለዳ ተነሥቶ ይሆን?

በዚህ ምክንያት እኛም የራሳችንን ደብተር ከፈትን። በየቀኑ ስንት ደቂቃ እንደሄድን፣ ስንት ሰዓት እንደተኛንና ሕመሙን ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት እንደሰጠነው እንጽፋለን። ደንባችን አንድ ነው፤ የምንሄደውን የሚወስነው ሰዓት እንጂ ሕመሙ አይደለም። ደኅና በሆንበት ቀን አንጨምርም፤ በከፋን ቀንም ሙሉ በሙሉ አንተውም። ቀድሞ እናደርግ የነበረው የዚህን ተቃራኒ ነበር። ቀለል ባለን እሑድ ናፍቆታችንን ሁሉ በአንድ ቀን ልንወጣ እስከ ዳገቱ ወገብ እንሮጥና ሳምንቱን በአልጋ እንከፍለው ነበር። አሁን ከሰባት ደቂቃ ጀምረን፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ ደቂቃ እየጨመርን ነው። ለሠፈር ሰው ሰባት ደቂቃ ለመሄድ የስፖርት ጫማ አጥልቆ መውጣት ያስቃል፤ ሳቃቸውን ለምደነዋል።

የስድስት ወሩን ጽሑፍ በግራፍ ላይ ስናሰፍረው ያልጠበቅነው ነገር ታየን። ሕመማችን ከተጓዝንባቸው ደቂቃዎች ጋር ብዙም አይሄድም። ይበልጥ የሚከተለው ካልተኛንባቸው ሌሊቶችና የፈተና ወረቀት ከምናርምባቸው ሳምንታት ጋር ነው። ሦስት ሰዎች ናሙና እንደማይባሉ፣ ተመራማሪውና ተመርማሪው አንድ መሆናቸውም ደንብ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ይህንን ለምርምር መጽሔት አንልከውም። ነገር ግን መሄድ ያፈርሰናል ብለን ስንፈራ ለነበርን ሰዎች ያቺ ግራፍ ከማንኛውም ክኒን የበለጠች መድኃኒት ሆናልናለች።

ሕመሙ ጠፋ ወይ ለሚሉን፣ አልጠፋም። አንዳንድ ቀን እንደ ድሮው ነው። የፉሪን አናት ዳግም እንረግጥ እንደሆነም አናውቅም፤ ይህን መናገር አሁንም ይከብደናል። በተለይ በመስከረም አደይ አበባ ዳገቱን ሲሸፍነው ከበረንዳው ላይ ዐይንን መንቀል ያስፈልጋል። ይህን ኀዘን በ«አመስግን፣ ከዚህ የባሰ አለ» መሸፈን የለመደ ዘመድ ሁሉ አለን። ከዚህ የባሰ መኖሩን አንክድም። የባሰ መኖሩ ግን ያለውን አያጠፋውም።

ስለዚህ ከአንባብያን የምንጠይቀው አለን። የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ «አሞኛል» የሚል ተማሪ ሲመጣ በዐሥር ዙር ሩጫና በዳር ቁጭ ብሎ በመመልከት መካከል ሌላ ብዙ ነገር እንዳለ አስቡለት። ከመካከላችን አንዱ በተማሪነቱ ዳር በተቀመጠባቸው ወራት «አስመሳይ» የሚል ቅጽል ወጥቶለት እንደነበር ዛሬም ያስታውሰዋል። የባዮሎጂ መምህራን፣ ያንን የእጅና የእሳት ሥዕል ሥላችሁ ስታበቁ አንድ ክፍለ ጊዜ ጨምሩና በሚጥሚጣው ምሳሌ ቀጥሉ፤ ለሙከራው የሚያስፈልገው ዕቃ ከየቤቱ ጓዳ አይጠፋም። የሕክምና ተማሪዎች፣ ራጁ ንጹሕ ሆኖ ስታገኙት «ምንም የለም» ከማለት ይልቅ «የሚያሰጋ ነገር አላየሁም፤ ሕመምህ ግን እውነት ነው፤ አሁን ከዚህ ወዴት እንሂድ?» ብትሉ ጊዜያችሁን የሚወስደው በግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው። በከተማ ፕላን ላይ ለምትሠሩት ደግሞ፣ ደረጃ የሌለው የእግረኛ መንገድና በየመካከሉ የሚገኝ አግዳሚ ወንበር ለእኛ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ለሃያ ደቂቃ መሄድ የሚችል ሰው ዐሥር ደቂቃ ላይ መቀመጫ ካገኘ አርባ ደቂቃ ይሄዳል።

ባለፈው እሑድ ከረጅም ጊዜ በኋላ ሦስታችንም በአንድነት ለቡ ተገናኘን። ሰዓት ይዘን፣ በሃያኛው ደቂቃ ላይ እንደምንመለስ ተስማምተን ጉዞ ጀመርን። ሃያው ደቂቃ የሞላው ከዳገቱ ግርጌ ገና ሳንደርስ፣ ሁለት ልጆች ላም በሚያግዱበት መስክ ዳር ነበር። አንዳችን «እስከዚያች ባሕር ዛፍ ብቻ» አለ። ሁለታችን ሰዓቱን አሳየነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቆሎአችንን በላን፤ ከአጠገባችን አንዱ ልጅ ለምን እንደማንወጣ ጠየቀን። ጉልበቷን የሚያማት ባልንጀራችን ደብተሩን አውጥታ «40 ደቂቃ» ብላ አስቀድማ ጻፈች፤ ከጎኑም «4» ብላ አከለች። ከዚያም ተነሥተን በመጣንበት መንገድ ተመለስን።